የታጠፈችው ካርታ

ሀውራ ካርታ ማንበብ የተማረችው ለሌላ ሰው በመበወዝ ነው።

ቤይሩት እያለች የምትሠራው አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። አሮጊቷን ልጅ የልጅ ልጁ ሁሉ «ተታ» ይላቸዋል፤ አያታችን እንደማለት ነው። ሀውራም ሳይቆይ ተታ ትላቸው ጀመር። ተታ ታሮት የሚባለውን ባለሥዕል ካርታ ያነባሉ። የሰፈሩ ሴቶች፣ አንዳንዴም ከረባት ያሰረ ወንድ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ችግሩ የተታ ጣቶች ነበሩ፤ ቁርጥማት አቆልምሟቸው ካርታ ማላወስ አቅቷቸዋል። ስለዚህ ሀውራ ከጓዳ ትጠራለች። የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ፣ እጇን ታጥባና አድርቃ ትበውዛለች። ከዚያ ካርታውን አሮጊቷ ፊት አስቀምጣ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች።

የመጀመሪያ ቀን፣ አገር ቤት ጎረምሶች ሲያደርጉ እንዳየችው፣ ካርታውን ለሁለት ከፍላ በአውራ ጣቷ ለጥጣ ልታንፈራፍረው ስትል ተታ ጮኹባት።

«ቁማር ቤት መሰለሽ? ትሰብሪያቸዋለሽ!»

ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩዋት። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፋል። ካርታው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይበተናል። በሁለት መዳፍ፣ ሳይጫኑ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ወዲያና ወዲህ ይታመሳል። ሲበቃ ከዳር ወደ መሀል ተሰብስቦ ጠርዙ በጣት ጫፍ ይስተካከላል። ቀለበት ይወልቃል፤ ቅባት የነካው እጅ አይቀርብም። ደንበኛ ከመቁረጥ፣ የተደረደረውን ለሁለት ከፍሎ ከማስቀመጥ በስተቀር ካርታውን አይነካም። አየሩ ሲረጥብ የሕፃን ፓውደር ጣት ላይ ብን ይደረግና ካርታው ይዳሰሳል፤ እንዳይጣበቅ።

«ለምን እንዲህ እንደምሳሳ ታውቂያለሽ?» አሏት አንድ ቀን ተታ። «ጀርባቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዷ ምልክት ካለባት እጅሽ ያውቃታል። እጅሽ ካወቃት ደግሞ የምትናገሪው አንቺ ነሽ እንጂ ካርታው አይደለም።»

ሀውራ ያኔ ነገሩን የሰማችው እንደ ሌላው የቤት ደንብ ነው፤ ብርጭቆ በዚህ ጨርቅ ይወለወላል፣ ምንጣፍ በዚያ ይጠረጋል እንደሚባለው። ግን ትሪ ይዛ በገባች በወጣች ቁጥር ጆሮዋ ክፍት ስለነበር የሥዕሎቹን ትርጉም አንድ በአንድ ያዘችው።

ቤይሩት ወደቧ በፈነዳ ዓመት ተታ አረፉ። ልጆቻቸው ዕቃውን ሲከፋፈሉ ካርታው ሊጣል ከተዘጋጀ ፌስታል ውስጥ ገባ። አንዷ የልጅ ልጅ መልሳ አወጣችውና፣ «ከእሷ ቀጥሎ የምትነኪው አንቺ ነበርሽ፤ ውሰጂው» ብላ ለሀውራ ሰጠቻት። ሀውራ ወደ አገሯ ስትመለስ ካርታውን በሻሽ ጠቅልላ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ይዛው መጣች።

ትውልዷ አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ነው። ግን ገጠሩ አልሆነላትም፤ ሐይቅ ከተማ ወርዳ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየችና ዓሣ መጥበስ ጀመረች። ቅዳሜና እሁድ ከደሴ የሚመጣው ሰው ቆሮሶ በአዋዜ እየበላ ይሄዳል። በሥራ ቀን ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ካርታው ከቆርቆሮው የወጣው በዚያ ቅዝቃዜ ነበር፤ መጀመሪያ ለጎረቤት ጨዋታ፣ ኋላ ለሚጠይቃት ሁሉ። ከምጣዱ ስትነሳ እጇን በሎሚና በሳሙና ደጋግማ ታጥባለች፤ ነፋስ ላይ ዘርግታ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ደንበኞቿ ይሳለቁባታል።

«ለሶላት ነው ለካርታ?» ይሏታል።

እሷ አትመልስም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጨርቋን ታነጥፋለች፣ ትበትናለች፣ ታምሳለች፣ ትሰበስባለች። ካርታው አርጅቶ ቀለሙ ቢደበዝዝም ጀርባው ሁሉ አንድ ሰማያዊ ነበር።

ያበላሸው ጠሃ ነው። ጠሃ ከጂዳ ተመልሶ ባጃጅ የገዛ፣ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የመጣው ባጃጁን ሸጦ ከአንድ ዘመዱ ጋር ሚኒባስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ሊጠይቅ ነበር። ሀውራ ካርታውን አምሳ ሰብስባ ሳትጨርስ ከውጭ «ዓሣ የለም እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ወጣች። ስትመለስ ከመጋረጃው ጀርባ ፍርርርር የሚል ድምፅ ሰማች።

«ጠሃ! አስቀምጠው!» ብላ ጮኸች።

ጠሃ ካርታውን ለሁለት ገምሶ፣ በአውራ ጣቱ እየለጠጠ በማንፈራፈር ላይ ነበር። ጩኸቱ አስደነገጠውና እጁ ጭምድድ አለ። ካርታው ተበተነ። አንዷ ግን ጣቶቹ መሀል ቀርታ ነበር፤ ጫፏ ቀጭ ብሎ ታጠፈ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ልበውዝልሽ ብዬ እኮ ነው። ጂዳ ማታ ማታ ሥራችን ይሄ ነበር።»

«ይሄ ያ አይደለም!»

«እሺ፣ አትቆጪ» አለና የታጠፈውን ጫፍ በጥፍሩ ወዲያ ተጫነው። «ይኸው፤ አይታይም። ትንሽ ነገር ናት።»

ሀውራ ተቀብላ ገለበጠቻት። ግንቡ ነው። ጥቁር ሰማይ ላይ የቆመ ረጅም ግንብ፣ መብረቅ አናቱን ሲመታው፣ ሁለት ሰዎች ከመስኮቱ ቁልቁል ሲወድቁ የሚያሳይ ሥዕል። ከካርታዎቹ ሁሉ የማትወዳት እሷን ነበር።

ያን ቀን ለጠሃ ምን እንዳነበበችለት ኋላ አላስታወሰችም። ማታውን ካርታዋን ከዱቄት ጆንያ ሥር አሳደረቻት። ጧት ያው ናት። በጨርቅ ሸፍና ካውያ አስነካቻት፤ እጥፋቱ ተኝቶ ሰማያዊው ጀርባ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ቀረ። ከሩቅ የሚያይ ላያስተውለው ይችላል። እሷ ግን በጨለማ እንኳ በጣቷ ታገኘው ነበር።

ጎረቤቷ ሰዓዳ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ኑርዬ በጭነት መኪና ይሠራል፤ ሲሄድ ይከርማል፣ ሲመጣ ቤቱ ይጨነቃል። ይሰድባታል፤ የባሰበት ዕለትም እጁን ያነሳባታል። ሰዓዳ ለካርታው የምታቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?

እጥፋቱ ከተፈጠረ ወዲህ ሰዓዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ቀን ዓይኗ አብጦ ነበር። ሀውራ በወዘች። ሰዓዳ ቆረጠች። ሀውራ አንዷን አወጣች፣ ሁለተኛዋን አወጣች። ሦስተኛዋን ልታነሳ ስትል ነጩን መስመር አየችው። ሰዓዳ ትጠብቃለች። የሀውራ እጅ ለአፍታ ቆመና ከሥሯ ያለችውን ስቦ አወጣ።

ጸሐይ ወጣች። ፈረስ ላይ የተቀመጠ የሚስቅ ሕፃን፣ ከኋላው የሱፍ አበባ።

«ወይኔ፣ ምን ታምራለች!» አለች ሰዓዳ። «ምንድን ናት?»

«ጸሐይ። ይቀናሻል፤ አብሽሪ።»

«ስለዚህ ልቀመጥ?»

«የሚበራ ነገር አለ ነው የምትለው።»

ሰዓዳ ዓይኗን በነጠላዋ ጠራርጋ እየሳቀች ወጣች። ሀውራም ደስ አላት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው ያደረገው ብላ ለራሷ ነገረች።

ለሁለተኛው ሰው ሲሆን ግን እጇ አልቀደማትም፤ አውቃ አደረገችው። ለሦስተኛው ደግሞ ማሰብም አላስፈለጋትም። ካርታውን ሰብስባ ጠርዙን ስታስተካክል እጥፋቷን በጣቷ ጫፍ ትፈልጋትና ወደ ታች ትልካታለች። ግንቡ ለማንም መውጣት አቆመ። የሀውራ ካርታ ደግ ነው የሚል ወሬ ከቅመም ተራ እስከ መናኸሪያ ተሰማ። ከኩታበር፣ ከቢስቲማ ሳይቀር ሰው መጣ። አንዲት ወይዘሮ አመተ ማርያም የሚባሉ ከእስጢፋኖስ ሲመለሱ ጎራ ብለው፣ «አባ እንዳይሰሙብኝ» እያሉ ስለ ልጃቸው ጋብቻ ጠየቁ። ለእሳቸውም መልካም መልካሙ ወጣ።

ታላቅ ወንድሟ ባድሩ በገበያ ቀን ከአምባሰል ወርዶ ወሬውን ሰማ። ዲኑን የሚያጠብቅ ግን የማይጮህ ሰው ነው። ዓሣ አቀረበችለት፤ አልነካም።

«ሀውራ፣ ገይብን፣ የተሰወረውን ነገር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው» አላት።

«ወላሂ አውቃለሁ ብዬ አላውቅም። ሥዕል ነው የማሳያቸው፤ የቀረውን እነሱ ያወሩታል።»

«ሥዕሉን ማን ይመርጠዋል?»

ሀውራ ያልተነካውን ዓሣ መጠቅለል ጀመረች። ባለፈው ዓመት ቢጠይቃት ኖሮ ማንም አይመርጠውም ትለው ነበር። ባድሩ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ላብ አይቶ ተነሳ። ሲወጣ ለእናታቸው የሚወስደውን ዓሣ ግን ተቀበላት።

ኢቲሳም የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አባቷ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያርሳሉ። እሷ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይታ ስትማር ቆይታ የፈተናው ውጤት አልመጣላትም። አሁን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ይዛለች፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል። ሀውራን ከዓሣው ቤት ታውቃታለች፤ እትዬ ነው የምትላት።

«እትዬ፣ ልሂድ አልሂድ አልጠይቅሽም» አለች ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ። «መሄዴ አይቀርም። የምገባበት ቤት እንዴት ያለ ቤት እንደሆነ ብቻ እይልኝ።»

«የት አገር ነው?»

«መጀመሪያ ቤይሩት ይላሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ያሸጋግሩናል።»

ሀውራ ጨርቁን አነጠፈች። በሁለት መዳፏ ስታምስ የልጅቷን እጆች አየች፤ ሰዓት የሌለበት ቀጭን አንጓ፣ በሂና የደመቀ ጥፍር። የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ካርታውን ስትሰበስብ እጥፋቷን ፈለገች፤ ግን ወደ ታች አልላከቻትም። ኢቲሳም ከቆረጠች በኋላ፣ ጠርዝ የምታስተካክል መስላ፣ ግንቡን ከመሀል ስባ ከላይ አደረገችው። አወጣችው።

«ግንብ ነው» አለች። «ከላይ የሚወድቁ ሰዎች ይታዩሻል? ይሄ ቤት ጥሩ ቤት አይደለም።»

ኢቲሳም ሥዕሉን አላየችም። ካርታዋን አንስታ ገለበጠችና ጀርባዋን አየች።

«ይቺን እኮ ስትጎትቻት አየሁሽ» አለች። «ጫፏ የታጠፈ ነው።»

ውጭ ዘይቱ ይንጫጫል። ሀውራ ምጣዱን ከእሳቱ አለማውረዷ ትዝ አላት፤ ግን አልተነሳችም።

«እትዬ፣ ልታስፈራሪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን? የምታውቂው ነገር ካለ ለምን አትነግሪኝም? ልጅ ነኝ እንዴ በሥዕል የምታስፈራሪኝ?»

ሀውራ ካርታዎቹን ወደ ጎን ገፋቻቸው። ከዚያ ለእናቷም ለባድሩም ነግራ የማታውቀውን ነገረቻት። ከተታ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ዙለይሃ የምትባል የአምባሰል ልጅ ትሠራ ነበር። የሁለቱ ወጥ ቤት መስኮት በአንድ ጠባብ ክፍተት ላይ ነበርና በዚያ ያወራሉ። ሀውራ በርበሬ በፌስታል ታስራለች፣ ዙለይሃ በገመድ ትስባለች። የዙለይሃ አሠሪዎች ስልኳን ወስደውባታል፤ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሀውራ ልብስ ታሰጣ ነበር። አንድ ቀሚስ ከላይ ወርዶ በፊቷ አለፈ። የማንን ልብስ ነው ንፋስ የወሰደው ብላ አጎንብሳ አየች።

«ልብስ አልነበረም» አለች ሀውራ።

አንዳንዱ ዘላ ነው አለ። አንዳንዱ አንሶላ አስራ ልትወርድ ስትሞክር ነው አለ። ሌላም ሌላም ተባለ። ሀውራን የጠየቃት የለም። ያን ቀን ተታ መጋረጃውን ዘግተው ደንበኛ አልተቀበሉም። በማግስቱ ሶፋው እንደ ወትሮው ሞላ፤ ሀውራም ተጠርታ በወዘች።

ኢቲሳም አላለቀሰችም። መጠየቅ ጀመረች። ስልክ ሲወስዱ ምን ይደረጋል? በር ቢቆለፍብኝ የት ነው የምደውለው? አንቺ እንዴት ደህና ቤት ገባሽ? ሀውራ የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። የዚያን ዕለት ምጣዱ ላይ የነበሩት ዓሦች አርረው ተጣሉ።

ኢቲሳም ደላላውን ተወችው። መሄዱን ግን አልተወችም። ሥልጠና ተመዝግባ በሕጋዊ መንገድ እስክትጠራ ባለው ጊዜ ከሰዓት ከሰዓት ሀውራ ዘንድ እየመጣች አረብኛ ተማረች። የወጥ ቤት ዕቃ ስም ሳይሆን፣ ደመወዜን ስጡኝ፣ አሞኛል፣ ስልኬን መልሱልኝ ማለትን። በሚቀጥለው ዓመት ዮርዳኖስ ሄደች። የመጀመሪያው ቤት ክፉ ሆነባት፤ ወጥታ ሌላ ገባች። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ደህና ነኝ ስትል ሀውራ የድምፅዋን ሁኔታ ታዳምጣለች፤ ደህና መሆኗን ግን ከዚህ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ካርታውን በተመለከተ፣ ሀውራ ከኢቲሳም ጋር ከተነጋገሩበት ቀን ወዲህ ለማንም አላወጣችም። ሰው ሲመጣ ዓሣው በዝቶብኛል ትላለች። ግንቡን ነጥሎ መጣል አሰበች፤ ማንም አያውቅም። ግን ግንቡ የጎደለበት ካርታ ያው ግንቡን የምትደብቅበት ካርታ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ለዘላለም መደበቁ ነው። አዲስ ካርታ ከየት እንደሚገኝም አታውቅም።

አንድ የረጋ ከሰዓት፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ቁጭ አለች። እጇን ታጠበች፤ አደረቀች። ጨርቁን አነጠፈች። ግንቡን ከፊቷ አስቀምጣ ከላይ ያለችውን ካርታ አነሳች፤ ከግንቡ ጋር ለካች፣ በዚያው ጫፍ ላይ በጥፍሯ ይዛ አጠፈቻት። ቀጭ አለች። ሁለተኛዋን አነሳች። ቤይሩት ሆና ጥፍሯን እንኳ ከካርታው ለማራቅ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት፣ አሁን ጸሐይን፣ ጨረቃን፣ ንግሥቲቱን፣ ኮከቧን እያነሳች ጫፍ ጫፋቸውን ሰበረች። መሀል ላይ አቆመች፤ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች። ስትጨርስ ሁሉንም ከዱቄት ጆንያው ሥር አስገብታ አሳደረቻቸው። ጧት በትና ስታምሳቸው ጣቷ በየቦታው እጥፋት ያገኛል፤ ግንቡ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሰዓዳ በዚያው ሳምንት መጣች። ኑርዬ ከመንገድ ተመልሷል። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባለች፤ ሀውራ ምን እንደሸፈነች አልጠየቀችም።

«ከረምሽ እኮ» አለች ሰዓዳ። «ለእኔ እንኳ አታወጪልኝም?»

ሀውራ በወዘች። ካርታው እንደ ድሮው አይንሸራተትም፤ እጥፋቶቹ እየተነካኩ ይያያዛሉ፤ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ሰዓዳ ቆረጠች። አንደኛዋ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋ ግንቡ ነበር።

«ይቺን አይቻት አላውቅም» አለች ሰዓዳ።

«ነበረች።»

«ምንድን ናት?»

ሀውራ ጨርቁን አቃናች። የሚወድቁትን ሁለት ሰዎች አየች። «የሚፈርስ ነገር አለ ማለት ነው» አለች። «ሊያዙት የማይቻል።»

ሰዓዳ ሥዕሉን ወደ ራሷ አስጠግታ ብዙ አየችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«እኔ እኮ እንዲህ ያለው ይወጣል ብዬ ነበር ስመጣ የኖርኩት» አለች ቀስ ብላ። «በመጣሁ ቁጥር እንደ ጸሐይ ያለ መልካም ሲወጣልኝ፣ እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ትዕግሥት ያነሰኝ እኔ ነኝ እያልኩ እመለስ ነበር።»

ሀውራ ልትናገር አፏን ከፈተች። ያ ያበጠ ዓይን ታያት፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜም ታያት። ተናገረች። እጥፋቱን፣ ጸሐይን ከሥር ስባ እንዳወጣች፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሰዓዳ ጨርሳ ሰማች።

«ማዘንሽ ነው» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ባታዝኚልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለተወሰነ ጊዜ በሀውራ በር ስታልፍ ሰላም ከማለት በቀር አልቆመችም። ኑርዬ ወደ መንገዱ በተመለሰ ሰሞን አንድ ጧት የቅመም ሱቋ በር ላይ የጭነት ባጃጅ ቆመ። ሰዓዳ ጆንያና ሳጥን ታወጣለች። ውጫሌ ወንድሟ ዘንድ መሄዷ ነው፤ ነገሩን ሽማግሌዎች ይዘውታል። ሀውራ ምጣዱን አውርዳ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተሻገረች። ፍራሹን ሁለቱ በሁለት ጫፍ ይዘው ጫኑት።

«ውጫሌ ስትመጪ ግቢ» አለቻት ሰዓዳ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ።

«ኢንሻ አላህ እገባለሁ።»

ባጃጁ ዋናውን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ታጠፈ። የደሴ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ዓሣ ደርሷል ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሀውራ ተመልሳ ገባች።